የጭንቅላት ኮረንቲ

ከሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ፊት ለፊት አንድ የሲሚንቶ አግዳሚ ነበር። አሁን ቦታውን በቆርቆሮ ከድነው መጠበቂያ አዳራሽ አድርገውታል፤ መቀመጫውም ብረት ሆኗል። በዚያን ጊዜ ግን ጥላችን አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ብቻ ስለነበር ፀሐይዋ ስትዞር እኛም አብረን እንዞር ነበር። ጠዋት አንዱ ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው እኩለ ቀን ሲቃረብ ሌላው ጫፍ ላይ ይገኛል። ጥላው ሲጠብ ሰው ይጠጋጋል፤ ከተጠጋጋ ደግሞ የድሬ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልበትም። ሁለቱን ሰዎች የተዋወቅኋቸው እዚያ ነው። የታመምኩበት ዘመን ሆኖ ሳለ፣ ከእነሱ ጋር ያሳለፍኩት ጊዜ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

እኔ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ተሰፍቶ ያለቀ ሸሚዝ ፊቴ ይቀርባል፤ ኮሌታውን፣ እጅጌውንና የቁልፍ ቀዳዳውን አይቼ አሳልፋለሁ ወይም ወደ ሰፊዋ እመልሳለሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ ቀስ በቀስ ሁሉም ነገር አስጠላኝ። ምግብ ተውኩ፣ ሰው ሸሸሁ፣ ጠዋት ተነስቶ ፊትን መታጠብ እንኳ ከአቅሜ በላይ ሆነ። ሳቢያን ካለው ቤታችን በባጃጅ አሳፍሮ ሆስፒታል የወሰደኝ ባለቤቴ ነው። ድባቴ ነው አሉኝና ጠዋት ጠዋት የምትዋጥ ነጭ ኪኒን ታዘዘልኝ። ኪኒኗ አዳነችኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራው ሁሉ መድኃኒቱን ለማማት እንዳይመስል ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሻይ እንደ ሻይ ጣፈጠኝ፤ ባለቤቴ ሲቀልድ ሳቅሁ፤ ፋብሪካ ተመለስኩ።

ከዓመት በላይ ከወሰድኳት በኋላ ግን ደህና ነኝ ብዬ አቆምኳት። ራስ ምታቱ ሲለቀው ኪኒን የሚያቆም ሰው እንደሚያደርገው፣ አንድ ጠዋት አልዋጥኩም፤ በማግስቱም አልዋጥኩም። ጥቂት ቀናት አለፉ። ሥራ ላይ ቆሜ ዓይኔን ከአንዱ የኮሌታ ጫፍ ወደ ሌላው ሳዞር ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ነዘረኝ። የተላጠ ሽቦ የነካሁ ያህል ነበር፤ ብልጭ ብሎ ጠፋ። እንደገና ዓይኔን አዞርኩ፤ እንደገና ነዘረኝ። የእኔ ሥራ ደግሞ ዓይን ማዞር ነው። በዚያ ሳምንት ማቅለሽለሹ፣ ላቡና ያለ ምክንያት የሚመጣው ቁጣ ተጨመረበት። ሆስፒታል ሄጄ ለተረኛው ሐኪም ስነግረው ካርዴን አገላበጠና «ሕመሙ እየተመለሰ ነው፤ ኪኒኑን ጀምሪ» አለኝ። ጀመርኩ፤ ንዝረቱ ወዲያው ለቀቀኝ። እኔ ግን ሕመሜን አውቀው ነበር። አብሬው ኖሬያለሁ። የእኔ ሕመም ኮረንቲ አልነበረውም።

ይህን በዚያው ሰሞን አግዳሚው ላይ አጠገቤ ለተቀመጠች ሴት አወራኋት። ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ ይጠጋል፤ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች። የለበሰችው ሽቲ ቀሚስ እንኳ ሄልና አብሽ ይሸታል። ቤቷ በኦሮምኛ፣ ገበያዋ ግማሹ በሶማልኛ፣ ከእኛ ጋር ደግሞ በአማርኛ ነው። እኔ በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ አዴ እላታለሁ፤ እሷ አባዮ ትለኛለች፤ በሶማልኛ እህቴ ማለቷ ነው። ስሰማት ቆይታ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ።

«አንቺንም ይነዝርሻል?» አለች።

«አንቺንስ?»

«ያረቢ! እኔኮ ብቻዬን መስሎኝ ነበር።»

የእሷ ሳታቆመው የቆመ ነው። መድኃኒቱ ከከተማው ጠፍቶ በሁሉም መድኃኒት ቤት የለም ሲሏት፣ እስኪመጣ ጠብቂ ተባለች። ስትጠብቅ ጭንቅላቷ መንዘር ጀመረ። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ ከጋሪ ላይ አዙሯት ወደቀች። ቤተሰቧ ጂን ነው ብሎ ሼህ ጋ ወሰዳት። ሼሁም ቁርአን ከቀሩባት በኋላ «ይህ የጂን ሥራ አይመስለኝም፤ ሐኪም ጋ መልሷት» አሉ። ሐኪሙ ደግሞ «ሕመምሽ ተመልሷል» አላት። «አንዱ ወደ አንዱ ሲልከኝ» ትላለች እየሳቀች፣ «መሐል ላይ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ተወረወርኩ።»

ስናወራ ከአግዳሚው ማዶ ወዲያ ወዲህ የሚንጎራደድ ሽማግሌ ይሰማን ነበር። በአሮጌው ባቡር ዘመን የባቡር ሹፌር የነበረ፣ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የባቡሩ ወርክሾፕ ጸጥ ካለ በኋላ እሱም አብሮ ጸጥ አለና ቤተሰቡ ወደ ሕክምናው አመጣው። ኪኒኑን ሲጀምር እግሩ አላስቀምጥ አለው። ምግብ ሊበላ ተቀምጦ ይነሳል፤ ተነስቶ ይራመዳል፤ ሲራመድ ይደክመዋል፤ ሲቀመጥ እግሩ ይንቀጠቀጣል። እኔ በአክብሮት «እርስዎንስ?» ብዬ ስጠይቀው ፊቱን አጨማደደ።

«እርስዎ ማነው? ድሬ ተወልደሽ ነው እንዲህ የምታወሪው?» አለኝ። «አንቱ ስትሉኝ የሞትኩ ይመስለኛል። አንተ በይኝ።»

ከዚያ ወዲህ «ጋሼ አንተ» ሆነ። አሁንም ስለ እሱ የምጽፈው ራሱ በፈቀደው መንገድ ነው።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከዚራ ሰፈር ባለው የጋሼ ቤት መገናኘት ጀመርን። የድሮ የምድር ባቡር ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ፣ ግቢው ውስጥ ማንጎና ዘይቱን ያለበት። ሙቀቱ በረድ ሲል ባለቤቱ ሻይ በወተት አፍልታ ከመንገድ ዳር የተገዛ ሙሽበክ ትደረድርልናለች። ሥኳሩ ጣታችን ላይ እየተጣበቀ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሕልም፣ ስለ ማቅለሽለሽ እናወራለን። ለዘመድ ብናወራው የሚያስደነግጠውን ነገር እርስ በርስ ስናወራው ያስቃል። አዴ ጭንቅላቷ ሲነዝራት የቃሪያና የሚጥሚጣ ዋጋ ተምታቶባት ደንበኛዋን እንዴት እንዳሳቀች ስትነግረን፣ ጋሼ ሻዩ ትን አለው። የእሱ ሚስት ግን አብራን ስትስቅ ቆይታ ድንገት ዝም የምትልበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱን ያኔ አላወቅሁትም።

ወደ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ የመሄዱ ሐሳብ የአዴ ነው።

«ቀፊራ ውስጥ በርበሬ ላይ ሸክላ ፈጭቶ የሚቀላቅል ካለ ቁጥጥር ይመጣል» አለች። «መድኃኒትንስ የሚቆጣጠር የለም?»

«አለ» አለ ጋሼ።

«እንግዲያ እንሂድ።»

የመድኃኒት ቁጥጥሩ ቅርንጫፍ ስንደርስ ጠረጴዛ ላይ ያገኘነው ወጣት በትሕትና አስቀመጠን። መድኃኒቱ ጊዜው አልፎበታል ወይ ብሎ ጠየቀን። አላለፈበትም አልን። ሐሰተኛ ነው? አይደለም። ቀለሙ ተለውጧል? አልተለወጠም።

«ታዲያ ምኑ ነው ችግሩ?»

«ደህናው መድኃኒት ነው የነዘረን» አለች አዴ።

ወጣቱ ብዕሩን አስቀመጠ። የጎንዮሽ ጉዳት ሪፖርት የሚያደርገው የጤና ባለሙያ እንደሆነ፣ ሐኪማችን ሲያምንበት እንደሚልክላቸው አስረዳን። ሐኪማችን ሕመሙ ተመለሰ እንጂ የመድኃኒቱ ነው እንዳላለ ብንነግረው ትከሻውን ነቀነቀ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከፊቱ የነበረው መንገድ ለእኛ አልተሠራም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የረዳን የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ነርስ ነው። የሦስታችንንም ታሪክ ቁጭ ብሎ አዳመጠና «እኔም ባለሙያ ነኝ፤ እኔ እልካለሁ» አለ። ላከ። ዝናብ መጥቶ አለፈ፤ ረመዳን ገብቶ ወጣ። መልስ አልመጣም። በየወሩ ቀጠሯችን ሲደርስ ከሆስፒታሉ ወጥተን ቅርንጫፉ ደጃፍ ጎራ እንል ነበር። ዘበኛው ከእኛ ጋር እየተላመደ ወንበር ያወጣልን ጀመር፤ አዴም አንዳንዴ የሻይ ቅመም ትይዝለታለች። አንድ ቀን የቅርንጫፉ ኃላፊ ራሷ ወጥታ «እናንተ ናችሁ የኮረንቲዎቹ ሰዎች?» አለችና ቢሮዋ አስገባችን።

ኃላፊዋ ፋርማሲስት ናት፤ ቀጥተኛ ሴት። ቬንቲሌተሩን ወደ እኛ አዞረችልንና ፍርሃቷን ሳትደብቅ ነገረችን።

«ይህ መድኃኒት ብዙ ሰው ከሞት አፋፍ መልሷል። እናንተ ያላችሁትን በየግድግዳው ብለጥፈው ነገ ጠዋት ስንቱ ኪኒኑን ይጥላል? የጣለውንስ ማን ይመልሰዋል?»

ፍርሃቷ እውነት ነበር። እኔ እናቴ ከሞተች በኋላ የነበርኩበትን አስታወስኩ፤ ያን ጊዜ አንድ ሰው መጥቶ ይህ ኪኒን ክፉ ነው ቢለኝ አልውጠውም ነበር፤ ዛሬም እዚህ ላልኖር እችል ነበር።

«እኔ ግን የጣልኩት አስፈራርተውኝ አይደለም» አልኳት። «ማንም ምንም ስላላለኝ ነው። በድንገት አታቁሚ፣ ስታቆሚ ቀስ እያልሽ ነው ቢሉኝ እኮ ባልጣልኩት ነበር።»

በመጨረሻም አዲስ አበባ የመድኃኒት ደኅንነትን የሚያይ ኮሚቴ እንዳለ፣ ታካሚ ቀርቦ ተናግሮበት እንደማያውቅ፣ ነገር ግን እንደምትጠይቅልን ነገረችን። ጠየቀችልን። ኑ ተባልን።

ስለ ጉዞው ሳስብ አሁንም ፈገግ እላለሁ። ጋሼ አዲሱን ባቡር ከተሠራ ጀምሮ ረግጦት አያውቅም፤ አልሳፈርም ብሎ ነበር። አዴ «በአውቶቡስ እግርህ አያስቀምጥህም፤ ባቡር ላይ ግን ትራመዳለህ» ብላ አሳመነችው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጣቢያ በባጃጅ ሄድን። እሱ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ፣ እንደ ሙሽራ ተኮፍሶ ነበር። ባቡሩ ሲነሳ መስኮቱን ተጠጋ። ከዚያ የድሮው ሐዲድ በሩቁ ብቅ ባለ ቁጥር «ያውና፣ ያውና» ማለት ጀመረ። ኤረር ጋ ውኃ ይሞላ እንደነበር፣ ሚኤሶ ላይ ፍየል ጠባቂዎች ወተት እንደሚያቀብሉት፣ አዋሽ ምግብ ቤቱ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ እንደነበር ነገረን። እግሩ ሲነሳበት በወንበሮቹ መካከል ይመላለስ ነበር፤ ተሳፋሪው ተቆጣጣሪ መስሎት ቲኬት ሲያሳየው አይቻለሁ።

«እንዴት ነው አዲሱ?» አልኩት ሲመለስ።

«አይነቀንቅም» አለ። «ሳይነቀንቅ ሰው እንዴት ይተኛል?»

አዴ የያዘችውን ሳምቡሳ አውጥታ አጠገባችን ላሉት ሁሉ አዳረሰች። በሕይወቴ ብዙ ተጉዣለሁ ለማለት አልችልም፤ ከተጓዝኩት ሁሉ ግን ያ ጉዞ ይበልጥብኛል።

በማግስቱ ኮሚቴው ፊት ቀረብን። ረጅም ጠረጴዛ፣ ብዙ ባለሙያ፣ በረዷማ ክፍል። ለእኛ ለድሬ ሰዎች ብርዱ ራሱ ያስፈራ ነበር፤ አዴ ሻሿን ደራርባ ተከናነበች። መጀመሪያ እኔ ተናገርኩ፤ ስለ ኮሌታውና ስለ ዓይኔ። አንዱ ባለሙያ «ኮረንቲ ሲሉ በትክክል ምን ማለትዎ ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ቃል ስፈልግ አዴ ቀደመችኝ።

«ኮረንቲ ማለት ኮረንቲ ነው» አለች። «በኦሮምኛም ኮረንቲ ነው፣ በሶማልኛም ኮሮንቶ ነው። የትኛውም ደንበኛዬ ሳስረዳው ይገባዋል። የማይገባው ሐኪሙ ብቻ ነው።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ተሰማ፤ ያ ሳቅ ክፍሉን ትንሽ አሞቀው።

የጋሼ ተራ ደረሰ። ስለ እግሩ ሊናገር እንደሆነ ነበር የምናውቀው። ስለ እግሩ ተናገረ። ከዚያ ሊቀመጥ ብሎ ወንበሩን ከያዘ በኋላ ተመልሶ ቆመ።

«ሌላም አለ» አለ። «ይህን ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ ከባለቤቴ ጋር እንደ ባልና ሚስት መሆን አልቻልኩም። ፈልጌ ነው ያጣሁት እንጂ ስሜቴ አልሞተም። ገላዬ ነው የማይታዘዘኝ።»

አዴ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች። ሰብሳቢዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለሐኪምዎ ነግረዋል?» አለችው።

«ሐኪሜ የልጄ እኩያ ናት። እሷም አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም።»

«እዚህ ግን ነገሩን።»

«ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ዝም ብዬ ልመለስ?» አለ። «ባለቤቴ የጠላኋት መሰላት። አብረን ያረጀን ሰዎች ነን፤ በሽምግልናዬ ሌላ ያማረኝ መሰላት። ወረቀታችሁ ላይ አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ ወረቀቱን አሳያትና ይበቃን ነበር።»

ያን ጊዜ ነው የሚስቱ ዝምታ የገባኝ። እጄን ወደ እሱ ልዘረጋ ፈልጌ አፍሬ ተውኩት። እሱ ግን ያፈረ አይመስልም ነበር፤ ሸክም አውርዶ ላቡን እንደሚጠርግ ሰው መሐረቡን አውጥቶ ግንባሩን ጠረገና ተቀመጠ።

ምንም ቃል አልተገባልንም። የማሸጊያው ውስጥ መግለጫ የውጭ አገሩ አምራች እንደሆነ፣ እሱን ለማስለወጥ መጻጻፍና ማስረጃ እንደሚጠይቅ ነገሩን፤ አመሰገኑን፤ ሸኙን። በመልሱ ባቡር ላይ ድሬ ልንደርስ ስንል ጋሼ «ቤት ስገባ ለእሷም ልነግራት ነው» አለ። ነገራት። በሚቀጥለው እሑድ በረንዳው ላይ ስንሰበሰብ ሻዩን ስትቀዳ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ አለፈች። ከዚያ ወዲያ አላጣራሁም፤ ማጣራትም አላስፈለገኝም።

ወራት አልፈው ኃላፊዋ ደወለች። ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ መጥቷል፤ የድባቴ መድኃኒት የሚሰጥ ሁሉ በድንገት እንዳይቆም ለታካሚው እንዲናገር፤ በየመስኮቱም የሚለጠፍ አንድ ገጽ ምክር በከተማው ቋንቋዎች ይዘጋጅ ተብሏል። ረቂቁን ነርሱና እሷ አዘጋጅተው ወደ ከዚራው በረንዳ ይዘውት መጡ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ የተቀዳው ሐረግ «የኤሌክትሪክ ንዝረት መሰል ስሜት» ይላል። አዴ ሲነበብላት እጇን አወዛወዘች።

«ይህን ቀፊራ ውስጥ ማን ይረዳዋል? ኮረንቲ በሉት።»

«ለጽሑፍ ይከብዳል፤ የመንገድ ቃል ነው» አለች ኃላፊዋ።

«ሕመሙስ መንገድ ላይ አይደል የጣለኝ?»

ሲከራከሩ አመሹ። በመጨረሻ ሁለቱም ተጻፈ፤ ኮረንቲው ቀድሞ። የጋሼን ጉዳይ «በትዳር ግንኙነት ላይ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል፤ ለሐኪምዎ መንገር ነውር አይደለም» ብለው አስቀመጡት። የመጨረሻዋን ሐረግ ራሱ ነው ያስጨመራት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኃላፊዋ በደማቅ ቀለም አንድ መስመር አስገባች፦ ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒትዎን አያቁሙ። ያቺ ፍርሃቷ ናት፤ እኛም ደስ ብሎን ተቀበልናት።

ወረቀቱ ዛሬ በሆስፒታሉ የመድኃኒት መስኮት ላይ አለ፤ ፀሐይ ትንሽ አደብዝዛዋለች። የማሸጊያው ውስጥ ወረቀት ግን ያው በእንግሊዝኛ ነው፤ አምራቹ እስካሁን አልመለሰም ይላሉ። ነርሱ ቀጠሮ በመጣን ቁጥር አዲስ ታካሚዎች ኮረንቲውን በስሙ እየጠሩ እንደሚነግሩት ይነግረናል።

አዴ በነርሱ ምክር ኪኒኑን እየከፈለች፣ በጣም ቀስ እያለች አቆመች፤ ሳይነዝራት ማለት ይቻላል። እኔም ሞክሬ ግማሽ ላይ ቆምኩ። ከግማሽ በታች ስወርድ ያ የድሮው ጨለማ ጥግ ጥጉን ይታየኛል፤ ስለዚህ ግማሿን እውጣለሁ፤ አላፍርባትም። የጋሼ መድኃኒት ተለወጠና እግሩ አረፈ። እግሩ ሲያርፍ ግን ልቡ ደከመና የድሬን ሙቀት አትችለውም ብላ ሴት ልጁ እሱንና ሚስቱን አዳማ ወሰደቻቸው። የከዚራው ቤት ለሌላ ሰው ተሰጠ።

አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ቀፊራ እወርዳለሁ። አዴ ከቅመም ጆንያዎቹ መሐል በርጩማ ታቀርብልኛለች። ስልኳን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ እንደውላለን። በዙሪያችን ገበያተኛው ይጮኻል፤ ጋሪ ይንጋጋል፤ እሱም ከወዲያ ይጮኻል። የአዳማ ነፋስ አቧራ እንደሚያቅመው፣ ጎረቤቱ ሁሉ አንቱ እንደሚለው፣ በዚህ ዕድሜው ደግሞ ሰው አንተ እንዲለው መለመን እንደሰለቸው ያማርራል።

«አንተ!» ትለዋለች አዴ ወደ ስልኩ ተጠግታ። «አንተ፣ አንተ፣ አንተ። በቃህ?»

ሳቁ ሲመጣ እንሰማለን፤ ከኋላው ደግሞ የሚስቱ ሳቅ። ከዚያ መስመሩ ይቆረጣል፤ አዴ ቀና ብላ ለደንበኛዋ እርድ መስፈር ትጀምራለች።